የደረቀ እንጉዳይ ስንት ጊዜ ይቆያል?

ፋርማሲስት ነኝ፤ የምሠራው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ነው። በዚህ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2020 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀ ሕግ መሠረት 21 ዓመት የሞላው ሰው አእምሮን የሚለውጠውን እንጉዳይ ፈቃድ ባለው ማእከል፣ የሠለጠነ ሰው አጠገቡ ሆኖ መውሰድ ይችላል። ከማእከሉ ይዞ መውጣት አይፈቀድም። በአንዳንድ ቤት መሳቢያ ውስጥ ግን የደረቀው እንጉዳይ በላስቲክ ታስሮ ይገኛል። አንዲት የሀገሬ እናት በልጃቸው ክፍል ያገኙትን እንዲህ ያለ ከረጢት ይዘው መጡና፣ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ከርሟል መሰለኝ። ጊዜው ካለፈበት እኮ አይጎዳም፣ አይደል?" አሉኝ።

ብዙ ሰው እንደ እሳቸው ያስባል። ነገር ግን የእንጉዳዩ ኃይልና የእንጉዳዩ ጤንነት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ኃይሉ አልቆ የሚመርዝ አለ፤ ዓመት ከርሞም ኃይሉ ብዙ ያልቀነሰ አለ። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም።

ስለ ኃይሉ መጀመሪያ ከተጨነቁት አንዱ ኬሚስቱ አልበርት ሆፍማን ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ በስዊዘርላንድ ባዝል፣ ሳንዶዝ በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ ፈረንሳዊው የእንጉዳይ ሊቅ ሮዤ ኤም ፓሪስ ውስጥ ያበቀለውን የሜክሲኮ እንጉዳይ አድርቆ ላከለት። በእንስሳት ላይ ሲሞከር ውጤቱ ግልጽ አልሆነም። ሲደርቅ ኃይሉን አጥቶ ይሆን? ሆፍማን ጥርጣሬውን ለመቁረጥ 32 ደረቅ እንጉዳዮችን፣ በሚዛን 2.4 ግራም፣ ራሱ በላ። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ የሜክሲኮ መልክና ቀለም ያዘበት። እንጉዳዩ ኃይሉ አብሮት ነበር። በ1958 የኃይሉ ምንጭ የሆነው ሲሎሲቢን የተባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ መውጣቱ ይፋ ሆነ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሆፍማን በላብራቶሪ የተሠራውን ሲሎሲቢን በክኒን መልክ ይዞ በኦሐካ ተራሮች ወደምትገኘው ወደ ሁዋውትላ ሄደ። የማዛቴክ ሕዝብ ፈዋሽ የሆኑት ማሪያ ሳቢና ክኒኑን ከወሰዱ በኋላ የእንጉዳዩ መንፈስ እንዳለበት መሰከሩ። እንጉዳዩ የሚበቅለው በዝናብ ወራት ስለሆነ፣ ከእንግዲህ በበጋም ሰው ለመርዳት እችላለሁ ብለው አመሰገኑት።

ትኩስ እንጉዳይ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው። እንደ ቋንጣ ሁሉ፣ ውሃው በደንብ ሲወጣለት ተሐዋስያን መራቢያ ያጣሉ። ሲሎሲቢን ደግሞ ፎስፌት ስለተያያዘበት በተፈጥሮው ጠንካራ ነው። እንጉዳዩ ሲቀጠቀጥ ወይም በረዶ ሠርቶ ሲቀልጥ ግን ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ ኤንዛይም ፎስፌቱን ይቆርጠዋል፤ የቀረው ሲሎሲን ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ወደ ሰማያዊ ቀለም ይለወጣል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሰማያዊ ቀለም ሻጋታ ነው ይላል፣ ሌላው የኃይል ምልክት ነው ይላል። የየና ከተማ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በዝርዝር እንዳሳዩት፣ ሰማያዊው ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የተለወጠው ሲሎሲን ነው።

በ2021 የታተመ የቼክ ተመራማሪዎች ጥናት ፍሪዘርን የሚያምኑ ሰዎችን ያስገርማል። ከሁሉ ያነሰ ኃይል ያጣው ደርቆ በጨለማ፣ በተራ የክፍል ሙቀት የተቀመጠው ነው። ትኩሱን ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ማቀዝቀዝ ግን ክፉኛ ጎድቶታል።

ማድረቅ ብቻውን አይበቃም። የደረቀ እንጉዳይ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። በትክክል የደረቀ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ሳይሰበር ከተለመጠ ውሃ ገብቶበታል፣ ሻጋታም ይከተላል። ሻጋታ የሚተወው መርዝ መልሶ በማድረቅ አይጠፋም፤ የሻገተውን ክፍል ቆርጦ ማስወገድም ዋስትና አይሆንም። የሻገተ ነገር በሙሉ ይጣላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ "ከርሟልና ደክሟል" ብሎ መጠን መጨመር ነው። ከአንድ መደብ የተለቀሙ እንጉዳዮች እንኳ ኃይላቸው እኩል አይደለም። በድብርት ሕክምና ላይ በሚደረጉ ታላላቅ ጥናቶች ውስጥ ሐኪሞች የሚሰጡት የደረቀ እንጉዳይ ሳይሆን በላብራቶሪ የተሠራ፣ 25 ሚሊ ግራም በትክክል የተለካ ሲሎሲቢን የሆነውም ስለዚህ ነው። ሊትየም የሚወስድ ሰው ደግሞ ጭራሽ እንዳይነካው አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ እንደሚያስከትሉ የሚያሳዩ ሪፖርቶች አሉ።

ሌላም አለ። በዚህ በእኛ አካባቢ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ጋሌሪና የተባለ ገዳይ እንጉዳይ ከሚፈለገው ጎን ይበቅላል። ሁለቱም ከደረቁና ከተሰባበሩ በኋላ ባለሙያም ለመለየት ይቸገራል። የጋሌሪና መርዝ ጉበትን ያጠፋል፤ ማድረቅም ማብሰልም አይሽረውም። ማስታወኩና ተቅማጡ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ተሽሎት የዳነ ይመስልና ጉበቱ ይደክማል።

ለእኚያ እናት የነገርኳቸውን ለእናንተም እላለሁ። ምንነቱን የማታውቁትን ከረጢት ቀምሳችሁ አትፈትኑ፤ ልጃችሁንም ከመቆጣታችሁ በፊት በልቶ እንደሆነ ጠይቁት። ከበላ፣ ደህና ቢመስልም ሕመሙን አትጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ የመርዝ መረጃ ማእከል በ1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም በነፃ ይመልሳል፤ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ የተረፈውንም እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።