ብቻውን ሲያነብ ያልተሰማ ልጅ

[ድምፅ፦ የ1ኛ ክፍል ልጆች በኅብረት «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» ሲሉ፤ ድምፁ ቀስ በቀስ ከተራኪው ድምፅ ሥር ይገባል]

አድማጮች፣ ይህ ድምፅ አዲስ አበባን ከከበቧት ከተሞች ከየትኛውም ሊሰማ ይችላል፤ በጅማ መንገድ ከሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ከቡራዩ፣ እንጦጦን አልፎ በጎጃም መንገድ ከሱሉልታ። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። የቤት ኪራይ ከመሀል ከተማ ያስወጣው ቤተሰብና ነባሩ ገበሬ ጎረቤታሞች ሆነዋል። ስለዚህ በአንድ ሠፈር አንዱ ልጅ በአፋን ኦሮሞ በላቲኑ ፊደል በቁቤ፣ ሌላው በአማርኛ በግእዝ ፊደል፣ ሦስተኛው በግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ማንበብ ይጀምራል። ክርክሩም ሁልጊዜ በዚሁ ላይ ነው፤ በየትኛው ቋንቋ? በየትኛው ፊደል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በክርክሩ መሀል የሚረሳ ሌላ ጥያቄ አለ። አሁን በኅብረት ከሰማናቸው ልጆች ውስጥ ብቻውን ቢቀር ማንበብ የሚችለው የትኛው ነው?

በ2002 ዓ.ም. በስምንት የአገሪቱ አካባቢዎች 13,000 ያህል የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚማሩበት ቋንቋ ንባብ ተመዘኑ። ልጁ ብቻውን ከመዛኙ ፊት ይቀመጣል፤ አጭር ምንባብ ይሰጠዋል፤ ሰዓት ተይዞ ጮክ ብሎ ያነባል። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከምንባቡ አንድ ቃል እንኳ አላነበቡም። በኦሮሚያ ቁጥሩ ከ40 በመቶ በላይ ነበር። ይህን ይዞ ጥፋቱን በቁቤ ላይ የሚጥል አይጠፋም። ግን በአማርኛ የሚያስተምሩትም አካባቢዎች ከችግሩ አላመለጡም። ቁቤማ ለጀማሪ ብዙ ነገር ያቀልላል። «መሬት» እና «ለስላሳ» የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት የአፋን ኦሮሞ ቃላት ተነባቢያቸው አንድ ነው፤ አናባቢው አጭር ወይም ረጅም መሆኑ ግን ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይታያል። አማርኛ «ገና» ብሎ ሲጽፍ በዓሉ ይሁን ወይስ «ገና አልመጣም» የምንለው፣ መጥበቅ መላላቱን ፊደሉ አይነግረንም፤ ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ መረዳት አለበት። እያንዳንዱ ጽሕፈት የራሱ ሸክም አለው። በሁሉም ክፍሎች የሚገኘው የጋራ ችግር የኅብረት ንባብ ነው። እነዚያ አንድ ቃል ያቃታቸው ልጆች ከጓደኞቻቸው ጋር ሲዘምሩ ከሌላው አይለዩም ነበር። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ በውጤት ምክንያት እንዳይደግም ያደርግ የነበረው አሠራር ሲጨመርበት፣ ድክመቱ ሳይታይ ከክፍል ክፍል ይሻገር ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 3.3 በመቶ ብቻ ማለፋቸው አገር ያስደነገጠ ዜና ነበር። እኔ ግን ያ ዜና አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ይመስለኛል።

በ2009 ዓ.ም. በኦሮሚያ የ1ኛ ክፍል መጽሐፍ የቁቤ ቅደም ተከተል መለወጡ ሲታወቅ ብርቱ ቁጣ ተቀሰቀሰ። አዲሱ አቀራረብ በቋንቋው ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን ፊደላት ያስቀድማል፤ «ለ» የሚለውን ድምፅ በሚጽፈው ፊደል ይጀምራል፤ ልጁ በያዛቸው ጥቂት ፊደላት ቶሎ ቃል እንዲመሠርት የታሰበ ነው። ተቃዋሚዎቹ ፊደላችን ተነካ አሉ። ቋንቋው ለረጅም ዘመን ከትምህርት ቤት ደጅ እንዲቆም የተደረገ ሕዝብ ለፊደሉ ቢሳሳ አይፈረድበትም። ሆኖም ፊደል የሚቆጠርበት ቅደም ተከተልና ፊደል የሚለመድበት ቅደም ተከተል ሁለት ነገር ነው፤ ይህንንም የቄስ ትምህርት ቤት ከጥንት ያውቀዋል። ተማሪው ሀ ሁ ሂን ሲዘልቅ አቡጊዳ ይገባል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተነባቢውም አናባቢውም በየእርምጃው ይለዋወጣል። በዜማ ብቻ የሸመደደ ልጅ እዚህ ይያዛል። ፊደሉን የሚጠቁምበት ስንደዶ አንድ ፊደል ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ አፉ ደግሞ ቀድሞ ሄዷል። የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ አጠገቡ ስላለ ስሕተቱ ወዲያው ይታረማል። የቄስ ትምህርት ጉድለት አልነበረውም አልልም፤ ልጁ የማይሰማውን ግእዝ ያነባል፤ ጽሕፈትም ለጥቂቶች የተተወ ሙያ ነበር። አንድ በአንድ ማስነበቡን ግን አልተወም።

አንድ በአንድ ማስነበብ ለሚሰጠው ጥቅም ማስረጃ ሰበታ ውስጥም አለ። በንጉሡ ዘመን የተመሠረተው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እዚያው ነው፤ የልዩ ፍላጎት መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅም እዚያው ነው። ዓይነ ስውራን በጣት የሚያነቡት ብሬይል ከስድስት ነጥቦች የተሠራ ጽሕፈት ነው፤ በአማርኛ ብሬይል «ቡ» አንድ ምልክት ሳይሆን ተነባቢና አናባቢ ተከታትለው የሚጻፉበት ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ስልሳ ልጅ በአንድነት ሊጮኸው አይችልም። ነጥቡ ከአንዱ ልጅ ጣት ሥር ነው፤ ጣቱ ከቆመ መምህሩ ያየዋል። ማየት የሚችለው ልጅ ግን አፉ እየተንቀሳቀሰ ዓይኑ መስኮት ላይ ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝኛ ቢቀድም ይሻላል የሚሉ ወላጆች ሥጋት መሠረት አለው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራም ይጠይቀዋል። ግን በቁቤ የሚማረውን የቡራዩ ልጅ አስቡት። ቁቤ «ጠ»ን የሚጽፍበትን ፊደል የእንግሊዝኛ መምህሩ ኤክስ ይለዋል፤ «ጨ» የሚጻፍበት ደግሞ ሲ ነው። ጽሕፈት ድምፅን እንደሚወክል በሚያውቀው ቋንቋ አስቀድሞ የገባው ልጅ፣ «እዚህ ሌላ ድምፅ አለው» ብሎ ይሻገራል። ያልገባው ልጅ ሁለቱንም በሥዕልነት ይይዛል። ከሰሌዳ ሲገለብጥ ደብተሩ ያማረ ነው፤ መምህሩ ቃሉን ጠርቶ «ጻፉ» ሲል ግን እርሳሱ ይቆማል። ስለዚህ መገልበጥን እንደ ጽሕፈት መቁጠር የኅብረት ንባብን እንደ ማንበብ ከመቁጠር አይለይም።

[ድምፅ፦ ኅብረቱ ይቆማል፤ አንድ ልጅ ቃሉን እየሰበረ ብቻውን ያነባል]

ከመምህራን የሚመጣው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፦ ክፍሉ ሞልቷል፤ እንዴት አንድ በአንድ ይደመጣል? ከአዲስ አበባ የሚጎርፈው ሕዝብ በየዓመቱ ወንበር እንደሚያጣብብ አይካድም፤ መምህሩ ላይ ብቻ ሸክም መጫንም ፍትሕ አይደለም። የኅብረት ንባብም ጨርሶ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ዓይን አፋሩን ልጅ ያደፋፍረዋል፤ ድምፁንም ያስለምደዋል። ግን ስሌቱን እንየው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በክፍሉ 60 ልጆች ቢኖሩና ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢሰጥ፣ በቀን 12 ልጆች፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ 60ውም ይደመጣሉ። መምህሩ አንዱን ሲያደምጥ ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ቀደም ያለው የዘገየውን እያስነበበ ይቆያሉ። ለቃለ ጽሕፈትና ለአዲሱ ትምህርት በየቀኑ 28 ደቂቃ ይተርፋል።