የደጋው ባለዜማ

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውቶቡስ ተጉዞ የማያውቅ የጎጃም ተማሪ ጥቂት ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ለትምህርት፣ ለሥራ ፍለጋ፣ ለሹመት ደብዳቤ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሁሉም አንድ ቀን ደጀን ላይ ቁልቁለቱን ጀምሮ ዓባይን ይሻገራል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ሲወጣም ትንፋሹን ይሰበስባል። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ስንጓዝ ከአጠገባችን የተቀመጠው ወጣት ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍቼ ድረስ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሣም ነበር። ምን እንደሚጫወት ብንጠይቀው በትሕትና ስልኩን ወደ እኛ አዘንብሎ አሳየን።

ጨዋታው የካናዳ ሰዎች የሠሩት ነው፤ ‹ማይ ሲንጊንግ ሞንስተርስ› ይባላል፤ የወጣውም በ2012 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንሰጣለን።) ተጫዋቹ በአንዲት ደሴት ላይ ልዩ ልዩ ጭራቆችን ይሰበስባል። እያንዳንዱ ጭራቅ የራሱ ድምፅ አለው፤ አንዱ ይመታል፣ አንዱ ያንጎራጉራል፣ አንዱ ይጮሃል፤ ሁሉም ሲሰበሰቡ አንድ ሙሉ ዘፈን ይወጣቸዋል። ወጣቱ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ‹ማሞት› የሚባለውን ነው፤ ሰውነቱ በጸጉር የተሸፈነ፣ ብርድ የሚስማማው፣ በወፍራም ድምፁ የዜማውን መሠረት የሚይዝ ፍጡር ነው። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን ነገር ከየት አስበው አመጡት ብሎ ሲጠይቀን አውቶቡሱ ወደ ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ተቃርቦ ነበር። እኛ የምንወርደው እዚያ ነበርና አብሮን ወርዶ እንዲያይ ብንጋብዘው ቀጠሮ እንዳለበት ነግሮን መንገዱን ቀጠለ። ያን ቀን ሊያይ ያልቻለውን እንግዲህ ለእርሱና ለእኩዮቹ በዚህ ገጽ እናቀርባለን።

እዚያው አድረን በማግሥቱ ማለዳ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣን። ብርዱ ጋቢያችንን አልፎ ይገባ ነበር። ጭጋጉ ከሸለቆው እንደ ጢስ ሲነሣ ከበታቻችን፣ ሰው ሊረግጠው ከማይችለው ቋጥኝ፣ የብዙ ሰዎች ንግግር የሚመስል ድምፅ ተሰማን። ቃሉ አይለይም እንጂ መነሣቱ፣ መውደቁ፣ ማባበሉና መቈጣቱ ሁሉ የሰው ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጸጉራም ራስ ከአፋፉ ብቅ አለ፤ ከዚያም ሌላ፤ ከዚያም መንጋው በሙሉ። ጭላዳ ነበር።

ጭላዳን ብዙ ሰው ከተራው ዝንጀሮ ጋር ይቀላቅለዋል፤ ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ለአውሮጳ ሊቃውንት በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ወደ ስሜን ተራሮች የመጣው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ዘመኑም 1835 ነው። ያ ሰው በዚያው ዓመት ዋልያንም አስተዋውቋል። ስሙን ግን ሩፔል አላወጣለትም፤ ከአገሬው አፍ ሰምቶ ወሰደው እንጂ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የሥነ እንስሳት ተማሪ ሁሉ ‹ጀላዳ› ሲል፣ ሳያውቀው የእኛን ሰው ቃል ማለቱ ነው።

በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ በሌላ አገር ቢታይ በአጥር ውስጥ ነው። ከዘመናት በፊት ግን ወገኑ ብዙ ነበር። የሩቅ ዘመዶቹ አጥንት ከደቡብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ እስፓኝና እስከ ህንድ ድረስ ከመሬት ተቆፍሮ ወጥቷል። ሌሎቹ ሁሉ ጠፍተው ይህ አንዱ ከ1,800 እስከ 4,400 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ ገደልና ሣር በተጎራበቱበት ስፍራ ተረፈ።

ጸጉሩን ላየ ሰው ብርድ ወዳድ መባሉ አያስገርመውም። ወንዱ ከትከሻው እስከ ወገቡ የሚወርድ፣ ነፋስ ሲነካው እንደ በርኖስ የሚንሳፈፍ ጎፈር አለው። በቀድሞ ጊዜ ይህ ጎፈር ለራስ ጌጥ ይፈለግ ስለ ነበር ብዙ ወንዶች ተገድለውበታል። በደረቱ ላይ ቀይ ራቁት ቆዳ ይታያል፤ ፈረንጆቹ ልቡ የሚደማ ይሉታል። በ2022 የታተመ ጥናት ደግሞ በደጋ ላይ የሚኖረው ጭላዳ የደረቱ ዙሪያ ከቆላ ዘመዶቹ ይልቅ ሰፊ መሆኑን አመልክቷል። ሊቃውንቱ ይህን የሚያያይዙት ስስ የሆነውን የተራራ አየር አብዝቶ ከመተንፈስ ጋር ነው።

ምግቡ ሣር ነው። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን እንደ በግ ሣር ግጦ የሚኖር ሌላ የለም። የሚግጠው ግን በአፉ ጎንበስ ብሎ ሳይሆን ተቀምጦ በሁለት እጁ እየነጨ ነው፤ ከፊቱ ያለው ሲያልቅበት ሳይነሣ በመቀመጫው ተንሸራትቶ ትንሽ ወደ ፊት ይላል። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ የሚለው ተረት ለሰው መቀለጃ ሆኖ ኖሯል፤ ለጭላዳ ግን መቀመጫው የእንጀራው መሣሪያ ስለ ሆነ ነገሩ እውነት ነው። (በየቢሮው መቀመጫ የያዝን ሁሉ ብንስቅ በራሳችን ነው።)

አሁን ወደ ድምፁ እንመለስ፤ የመጣንበት ጉዳይ እርሱ ነውና።

ሁሉም እጁ በሣር ተይዞ፣ ዓይኑም መሬት ላይ ተተክሎ ሲውል ጎረቤቱን በምን ያስታውሰዋል? በድምፅ ነው። አንዷ ሴት ስታንጎራጉር ሌላዋ ሣሯን ሳትተው ትመልሳለች፤ ሦስተኛዋ በመካከል ትገባለች። በጎጃም የደቦ አጨዳ ላይ አቀንቃኙ ሲያወጣ ተቀባዮቹ ማጭዳቸውን ሳያቆሙ እንደሚቀበሉት ያለ ነገር ነው። ብሩስ ሪችማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1978 እና በ1987 ባሳተማቸው ጽሑፎች ጭላዳዎች ድምፃቸውን ከባልንጀራቸው ድምፅ ጋር በልክ እንደሚያገጣጥሙ፣ ልውውጣቸውም ምትና ዜማ እንዳለው አስረድቷል። ዜማ የሚለውን ቃል የተጠቀመበት እርሱ ነው፤ እኛ ለማሳመር የጨመርነው አይደለም።

ከእርሱ በኋላ የመጣው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ቶር በርግማን በስሜን ተራሮች ሲሠራ አንድ ነገር ያስቸግረው ነበር። ሰው የጠራው እየመሰለው ደጋግሞ ወደ ኋላው ይዞራል፤ ሲያይ ግን ጭላዳዎቹ ናቸው። ወንዱ ወደ ሴቶቹ ሲጠጋ ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ እየገጠመና እየከፈተ ድምፅ ያወጣል። ሌሎች የዝንጀሮ ወገኖች ከንፈራቸውን ያጋጫሉ እንጂ ድምፅ አይጨምሩበትም። በርግማን በ2013 ባወጣው ጽሑፍ የዚህ ከንፈር ፍጥነት በሴኮንድ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ እንደ ሆነና ይህም ከሰው ንግግር ምት ጋር እንደሚቀራረብ ገለጸ። ጭላዳ ይናገራል ማለቱ አልነበረም፤ ንግግር ከመፈጠሩ በፊት ከንፈርና ጉሮሮ እንዴት ተባብረው እንደ ሠሩ የሚያሳይ ሕያው ምሳሌ አገኘን ማለቱ ነው።

ከዚያ ይበልጥ ያስደነቀን የሞርጋን ጉስቲሰን ሥራ ነው። እርሷና ጓደኞቿ ወንዶቹ የሚያሰሙትን ከአንድ ሺህ በላይ የድምፅ ሰንሰለት ቀርጸው ለኩ። ማጉረምረም፣ ማቃሰት፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ ማቃሰት፣ እያዛጉ መጮህ፣ እነዚህ በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ይቀጣጠላሉ። በ2016 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር በውስጡ ያሉት ድምፆች እያጠሩ ይሄዳሉ። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ፓውል ሜንሴራት ስለ ሰው ቋንቋ ያገኘው ሕግም ይኸው ነው፤ ቃሉ ሲረዝም ክፍሎቹ ያጥራሉ። ትንፋሽ ልክ አለውና ሰውም ጭላዳም በዚያ ልክ ይገዛል።

ወንዱ ይህን ሁሉ የሚደክመው ለማን ነው? ለሴቶቹ ነው። አንድ ወንድ ከአንዲት እስከ ዐሥራ ሁለት የሚደርሱ ሴቶችን ይዞ ይኖራል፤ እነርሱም አብዛኛውን ጊዜ የሥጋ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ ቤቱ የእነርሱ ነው፤ ወንዱ እንግዳ ነው ቢባል ይቀላል። የተቀረጸ ድምፅ ሲያሰሟቸው ሴቶቹ ከቀላሉ ይልቅ ብዙ ዓይነት ድምፅ ወደ ተቀነባበረበት ማዘንበላቸው ታይቷል። ነገር ግን ይህን ሁሉ እንደ ሠርግ ቤት ጨዋታ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። ሌላ ወንድ መጥቶ ቤቱን ሲወስድ ብዙ ጊዜ ጡት የሚጠቡትን ግልገሎች ይገድላል፤ በስሜን የተደረገና በ2012 የወጣ ጥናትም እርጉዝ ከሆኑት አብዛኞቹ ወዲያው እንደሚያስወርዱ አሳይቷል። ስለዚህ ሲያንጎራጉር የሚውለው ወንድ የሚያንጎራጉረው ለትዳሩና ለልጆቹ ሕይወት ነው።

በቆየንበት አፋፍ ላይ ከሣሩ ባሻገር የገብስ ማሳ ነበረ። ማሳውን የሚጠብቀው የዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ወንጭፉን በእጁ ጠምጥሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጭላዳ እህል ሲያሽት ወደ ማሳ እንደሚገባ የታወቀ ነው፤ ገበሬውም የሚቈጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በመካከላቸው የነበረው የሣር መሬት በየዓመቱ እየጠበበ መምጣቱን ማንም በዓይኑ ያያል። ማረሻው ወደ ገደሉ ሲጠጋ መንጋው የሚያፈገፍግበት ቦታ ቋጥኙ ብቻ ይሆናል፤ ቋጥኙ ደግሞ መኝታ እንጂ ምግብ አይሆንም።

የጎጃም ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ያለውን የጮቄን ተራራ ያየ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው ያ የወንዞች እናት ጓሣውና አስታው እየተመነጠረ ገብስና ድንች ወደ ላይ እየወጣበት መምጣቱን ያውቃል። የደጋ ሣር አንድ ጊዜ ከታረሰ ቶሎ አይመለስም።

ሌላው ነገር ሙቀት ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስሜን ጭላዳን ያጠናው እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር በ1998 ባቀረበው ስሌት፣ የዓለም ሙቀት በሁለት ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ጭላዳ ሊኖርበት የሚችለው የታችኛው ወሰን አምስት መቶ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እየጠበበ በመጨረሻ የሚያልቅ ነገር ነው።

መንዝ ላይ ግን ሌላ ነገር አይተናል። የመንዝ ሰዎች የጓሣን ሣር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት በየወቅቱ ዘግተው በየወቅቱ ከፍተው ሲጠብቁ ኖረዋል። በ1975 በወጣው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ በኋላ ሌላ ማኅበር አቋቁሞ ጥበቃውን ቀጠለ። ጓሣው ለቤት ክዳንና ለገመድ ስለሚያገለግል የጠበቁት ለራሳቸው ጥቅም ነው፤ ጭላዳም በዚያው ተጠቀመ። እዚያ ቀይ ቀበሮ በመንጋው መካከል በሰላም እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል። በ2015 የታተመ ጥናት እንደ ቈጠረው ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሲያድን ከመቶ ስድሳ ሰባት ጊዜ ሲሳካለት ለብቻው ሲሆን ግን የሚሳካለት ሃያ አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ግልገላቸውን እንዳይነካ ራሱን ይገዛል፤ እነርሱም አይሸሹትም።

ወደ ማምሻው ፀሐይ ስትዘቀዝቅ በደብረ ሊባኖሱ አፋፍ ላይ ብርዱ ተመለሰ። መንጋው ሣሩን ትቶ ወደ ገደሉ ጫፍ ተሰበሰበ፤ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን በጀርባቸው አዝለው አንድ በአንድ ከዓይን ተሰወሩ። ማሳ ጠባቂውን ልጅ አሁን ለምን ወደ ቤቱ እንደማይሄድ ጠየቅነው። ገና ናቸው፣ ሲተኙ ድምፃቸው ይለያል ሲል መለሰልን። እኛ ለመለየት ብንሞክር አልሆነልንም፤ ከበታቻችን የሚመጣው ማንጎራጎር ለጆሯችን ሁሉም አንድ ነበር። ልጁ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት አዳመጠና ወንጭፉን በወገቡ አስሮ ተነሣ።