የሌጦ ዋጋ ከገፈፋው ይጀምራል

በዓል በመጣ ቁጥር በየቤቱ በግና ፍየል ይታረዳል። ሥጋው በጥንቃቄ ሲበለት ሌጦው ግን ብዙ ጊዜ ለፀሐይና ለውሻ ይዳረጋል። የአገራችን የደጋ በግ ሌጦ በውጭ ገበያ ለጓንት ሥራ የሚፈለግ፣ የባቲ ፍየል ሌጦም በጥራቱ ስም ያተረፈ ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው በገፈፋ ወቅት ነው። ቢላዋ የነካው ቦታ በጥሬው ጎልቶ ባይታይም ፋብሪካ ገብቶ ሲለፋ ይወጣል። ስለዚህ የታረደው በግ ወይም ፍየል ተሰቅሎ ሊገፈፍ ይገባል። ቆዳውን በመስመር ለመሰንጠቅ ብቻ ቢላዋ መጠቀም፣ ቀሪውን በጡጫ እየገፉ ማላቀቅ ይቻላል።

ከተገፈፈ በኋላ በሌጦው ላይ የቀረ ሥጋና ሞራ ይነሣል፤ ደምና ፈርስ ይታጠባል። ውሃው ሲንጠፈጠፍ ሳይውል ሳያድር፣ ቢቻል በ4 ሰዓት ውስጥ፣ በሥጋው በኩል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ጨው ይነሰነስበታል። ከዚያም ጥላ ሥር ይቀመጣል። መሬት ላይ አንጥፎ ፀሐይ ማስመታት ሌጦውን ያበላሸዋል።

ጥንቃቄ የተሞላበት ገፈፋ የማያድነው ጉዳትም አለ። ቅማልና መሰል የውጭ ጥገኛ ተባዮች የሚያስከትሉት እከክ እንስሳው በቁሙ ሳለ ቆዳውን ይጎዳዋል። መፍትሔው ወቅቱን የጠበቀ ሕክምና ነው።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሕክምናውንና ከበዓላት በፊት የሚሰጥ የገፈፋ ሥልጠናን በዕቅዳቸው ሊያካትቱ ይገባል። ግብይቱም መታየት አለበት፤ ንጹሑና የተቀደደው ሌጦ በአንድ ዋጋ ከተገዛ አርሶ አደሩ ለጨው የሚያወጣበት ምክንያት አይኖረውም።