በጋለ ብረት የሚቃኝ መሣሪያ

የክራር አውታር ሲላላ ይጠብቃል፤ ማሲንቆም ለዘፋኙ ድምፅ እንዲስማማ ይቃኛል። ዋሽንት ግን አንዴ ከተበሳ ቅኝቱ አብሮት ይኖራል። ስለ ባለዋሽንቱ ትንፋሽ ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን የሠሪውም እጅ የዚያኑ ያህል ሊመሰገን ይገባዋል እላለሁ።

ሸምበቆው ደርቆ ነው የሚሠራበት። እርጥቡ ከተበሳ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃልም። በየአንጓው ውስጡን የሚዘጋ ስስ ግድግዳ ስላለ በጋለ ብረት ተበስቶ ይጠረጋል። ሁለቱም ጫፎች ክፍት ናቸው። ተጫዋቹ የላይኛውን ጠርዝ ከከንፈሩ ላይ በሰያፍ አሳርፎ ይነፋል፤ ድምፅ የሚፈጠረው ትንፋሹ ጠርዙ ላይ ሲከፈል ነው።

የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት የሚወስነው ቁመቱ ነው። 50 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ዋሽንት ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው ሲነፋ በውስጡ ያለው አየር በሰከንድ ወደ 340 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ቁመቱ በግማሽ ቢያጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ሳያጥርም ጠንከር ተደርጎ ቢነፋ እዚያው ይደርሳል። ዋሽንት በተለምዶ አራት ቀዳዳ ነው ያለው። ሁሉም ሲደፈኑ አንድ ድምፅ፣ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ሲከፈቱ አራት ተጨማሪ፤ በድምሩ አምስት። ባለ አምስት ድምፅ ለሆኑት ቅኝቶቻችን ይህ ልክ ነው።

ጭንቁ ያለው ብሱ ላይ ነው። ቀዳዳ ሲሰፋ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ከልክ በላይ የሰፋ ግን በሰም ካልተሞላ በቀር አይመለስም። ስለዚህ በጋለ ብረት ጠቦ ይበሳል፣ ተነፍቶ ይደመጣል፣ እንደገና ጥቂት ይሰፋል። ለትዝታ ቅኝት የተለካው የቀዳዳ ርቀት ለአንቺሆዬ አይሆንም። አንዳንድ ድምፅ ቀዳዳውን በከፊል በመድፈን ቢገኝም ሁሉም ስለማይገኝ ባለሙያ ለተለያየ ዜማ የሚሆኑ ብዙ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል።

የግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ቀማሪ ሀሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርት ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ዋሽንት አንድ መድረክ ላይ ተሰባሰቡ። የቡድኑ ባለዋሽንት ዮሐንስ አፈወርቅ ነበር። እንዲህ ባለ ጉባኤ ዋሽንት ለሌላው መላላትም መጥበቅም አይችልም፤ ባለአውታሮቹ ናቸው ወደ እሱ የሚቃኙት።

ዛሬ ዋሽንት ከብረትና ከፕላስቲክ ቱቦም ይሠራል። ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚገዛ ቁራጭ ቱቦ ለጀማሪ ይበቃል፤ ውስጡ ወጥ ነው፣ በፀሐይም እንደ ሸምበቆ ቶሎ አይሰነጠቅም። የሸምበቆውን ለስላሳ ድምፅ የሚወድ ግን አሮጌ ዋሽንት ሲገዛ አራቱንም ቀዳዳ ደፍኖ በቀስታ ይንፋው። ወፍራሙ ድምፅ ከተቆራረጠ ወይም ጨርሶ እምቢ ካለ የሆነ ቦታ አየር ያስወጣል ማለት ነው፤ ዋሽንቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ስንጥቁን ይፈልገው።