የአሻንጉሊት ፈቃድ ለማን ተሰጠ? የልጆች ጨዋታና የአዋቂዎች ስብስብ በፊቅህ ሚዛን

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ባለችው በሱሉልታ የሚያስተምር አንድ ኡስታዝ በአንድ ቀን ሁለት ጠያቂዎች መጡበት እንበል። ጠዋት የመጣችው እናት ናት። የስድስት ዓመት ልጇ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋላትን አሻንጉሊት አቅፋ ትተኛ ነበር። እናትየው ግን ምስል ያለበትን ቤት መላእክት እንደማይገቡበት ስለ ሰማች አሻንጉሊቱን ነጥቃ እሳት ውስጥ ጣለችው። ልጅቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ መድረሳ መሄድ ጠላች። ከዐስር ሶላት በኋላ የመጣው ደግሞ አዲስ አበባ ሠርቶ የሚመለስ ወጣት ነው። በቦርሳው ላይ ጥርሱን ያገጠጠ ጸጉራም አሻንጉሊት ተንጠልጥሏል፤ በቤቱም ብዙ ተመሳሳይ አለው። ሁሉንም የገዛው በታሸገ ሳጥን፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ ነው። ሲጠየቅ «እናታችን ዓኢሻስ በአሻንጉሊት ትጫወት አልነበረምን?» ይላል።

ሁለቱም ጠያቂዎች በእጃቸው ማስረጃ ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ማስረጃውን ከቦታው አንሥተውታል። እናትየው ለአዋቂዎች የተነገረውን ጥብቅ ቃል በሕፃን ላይ አዋለችው። ወጣቱ ለሕፃናት የተሰጠውን ፈቃድ ለራሱ ወሰደው። ኡስታዙ «አሻንጉሊት ሐላል ነው» ወይም «ሐራም ነው» ብሎ በአንድ ቃል ቢመልስ ከሁለቱ አንዱን መበደሉ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩ በስንት እንደሚከፈል ማሳየት ነው።

የልጆችን ጨዋታ የሚመለከቱ ዘገባዎች

ነፍስ ያለውን ነገር መቅረጽን የሚያወግዙ ሐዲሶች በርካታና ጥብቅ ናቸው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ምስል ያለበት ትራስ ገዝታ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በር ላይ ቆመው ሳይገቡ መቅረታቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ከዚሁ ቤት ደግሞ ሌላ ዘገባ ተላልፏል። ዓኢሻ ከጓደኞቿ ጋር በአሻንጉሊት ትጫወት ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲገቡ ጓደኞቿ ሲሸሸጉ እርሳቸው መልሰው ይልኩላትና አብረዋት ይጫወቱ ነበር። ይህንንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ላይ ደግሞ ከአሻንጉሊቶቿ መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ እርሱ ሲጠይቋት የነቢዩ ሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አስታውሳ መለሰችላቸው፤ እርሳቸውም ከልብ ሳቁ።

ሦስተኛው ዘገባ የሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) ነው። የመዲና እናቶች በዓሹራ ቀን ልጆቻቸውን ጾም ሲያለማምዱ ከሱፍ አሻንጉሊት ይሠሩላቸው ነበር። ልጁ በረሃብ ሲያለቅስ አሻንጉሊቱን ይሰጡታል፤ በእርሱም ተጽናንቶ እስከ ፍጥር ይቆያል። በዚህ ዘገባ አሻንጉሊቱ ልጁን ከዒባዳ የሚያዘናጋ ሳይሆን ወደ ዒባዳ የሚያደርስ ረዳት ሆኖ ቀርቧል።

ቃዲ ዒያድ (በሂጅራ 544 የሞቱ) እነዚህን ዘገባዎች መሠረት በማድረግ የሴት ልጆች አሻንጉሊት ከምስል ክልከላ የተለየ መሆኑን፣ ምክንያቱም ልጆቹን ከትንሽነታቸው ጀምሮ ለቤትና ለልጅ አያያዝ ማለማመድ መሆኑን፣ የብዙኃኑ ዑለማእ አቋምም ይኸው መሆኑን ገልጸዋል። ኢማሙ ነወዊም በሙስሊም ሐዲስ ማብራሪያቸው ይህን ጠቅሰውታል። ከሐነፊ ሊቃውንት አቡ ዩሱፍ የልጆች አሻንጉሊት ሽያጭን መፍቀዳቸው ተዘግቧል። ኢማሙ ማሊክ አባት ለልጁ አሻንጉሊት መግዛቱን መጥላታቸው ተወስቷል፤ ፈቃዱ በኋላ ተሽሯል ያሉም አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ ኺላፍ አለበት፤ ሚዛኑ ግን ወደ ፈቃድ ያደላል።

የባግዳድ ገበያ ተቆጣጣሪ

አል-ማወርዲ (በሂጅራ 450 የሞቱ) «አል-አህካም አስ-ሱልጣኒያህ» በተባለው መጽሐፋቸው ለመምህራን እጅግ የሚጠቅም ታሪክ አኑረዋል። በአባሳዊው ኸሊፋ በአል-ሙቅተዲር ዘመን የባግዳድ ሙሕተሲብ፣ ማለትም የገበያና የሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ፣ የነበሩት የሻፊዒው ሊቅ አቡ ሰዒድ አል-ኢስጠኽሪ ነበሩ። ለመጠጥ ጠመቃ የሚውል ዕቃ ይሸጥበት የነበረውን ገበያ ከዚያ ሌላ ጥቅም የለውም ብለው ዘጉት። የአሻንጉሊት ገበያውን ግን የዓኢሻን ሐዲስ ጠቅሰው ሳይነኩት ተዉት።

አል-ማወርዲ በዚህ ላይ የሰጡት ሐተታ የጉዳያችን ቁልፍ ነው። በአሻንጉሊት የሚፈለገው ኃጢአት አይደለም፤ ልጆችን ለማሳደግ ሥራ ማለማመድ ነው። ሆኖም ነፍስ ያለውን ነገር መምሰሉና ለጣዖት መቅረቡ ስጋት አለው። ስለዚህ የሚፈቀድበትም የሚከለከልበትም ገጽታ አለው፤ ፍርዱም እንደ ሁኔታው ምስክርነት ይሆናል ይላሉ። ፈቃዱን ያስገኘው የዕቃው ስም ሳይሆን የዕቃው ዓላማ ነው ማለት ነው።

ይህ ዓላማ በዘመናችንም ምሳሌ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ2005 መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር በአዲስ አበባ በመሠረተችው ድርጅት የተዘጋጀው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘ የቴሌቪዥን ዝግጅት ዋና ገጸ ባሕርይ በእጅ የምትንቀሳቀስ የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ዝግጅቱ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ፊደልን፣ ቁጥርንና ንጽሕናን በራሳቸው ቋንቋ ለማስተማር የታሰበ ነበር። ቃዲ ዒያድ ያወሱት የማለማመድ ጥቅም እዚህ በግልጽ ይታያል።

ፈቃዱ የት ይቆማል?

ፈቃዱ ለአዋቂም ይደርሳል ወይ የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ኸጣቢ ለዓኢሻ የተፈቀደው በዚያን ጊዜ ለአካለ መጠን (ለቡሉግ) ስላልደረሰች ነው የሚል ማብራሪያ ሰጥተዋል። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (በሂጅራ 852 የሞቱ) ግን ይህን በእርግጠኝነት መናገር ምርመራ እንደሚሻ ያሳስባሉ። ምክንያቱም በአቡ ዳውድ ዘገባ ላይ አስተላላፊው ክስተቱ ከኸይበር ዘመቻ መልስ ይሁን ከተቡክ አላረጋገጠም። ኸይበር በሂጅራ 7፣ ተቡክ በሂጅራ 9 ነው። ዘመኑ ተቡክ ከሆነ ዓኢሻ ለአካለ መጠን ደርሳለች፤ ኸይበር ከሆነ ጉዳዩ በወሰኑ ላይ ነው። ስለዚህ ኢብኑ ሐጀር የኸይበሩን ዘገባ ያስበልጣሉ።

የሁለት ዓመት ልዩነት ሊቃውንቱን ይህን ያህል ያከራከረው ፈቃዱ ከዕድሜ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ነው። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዋቂ ሰው የዓኢሻን ሐዲስ ያለ ጥያቄ ለራሱ ሊወስደው አይችልም። ሁለተኛ፣ ነገሩ በኢጅቲሃድ ወሰን ውስጥ ያለ በመሆኑ ኢማሙ ጠያቂውን በሽርክ ሊከሰው አይገባም። አሻንጉሊት የሰበሰበ ሰው ጣዖት አምላኪ አይደለም።

ለአዋቂ የተሠራው አሻንጉሊት

የወጣቱ ቦርሳ ላይ የተንጠለጠለው «ላቡቡ» ይባላል። በሆንግ ኮንግ ተወልዶ በኔዘርላንድስ ያደገው ሠዓሊ ካሲንግ ሉንግ እ.ኤ.አ. በ2015 በሥዕል መጻሕፍት የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ነው። ከ2019 ጀምሮ የሚያመርተው ፖፕ ማርት የተባለ የቻይና ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያው በ2024 ያስገባው ገቢ ከ13 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ነበር። በሰኔ 2025 ቤጂንግ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ የሰው ልጅ ቁመት ያህል ያለው አንድ ላቡቡ ከ1 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሸጧል። ይህ ዋጋ የጨዋታ ዋጋ አይደለም።

ላቡቡ በመልኩ የሕፃን መጫወቻ ቢመስልም ዋነኛ ገዢዎቹ አዋቂዎች ናቸው፤ ማሸጊያውም ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆኑን ይገልጻል። በነሐሴ 2025 የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን አስመስለው የተሠሩ ላቡቦች ተሰባብረው ሕፃናትን ሊያንቁ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ወላጅ የአዋቂውን ዕቃ ለልጁ ሲሰጥ የፈቃዱ መሠረት የሆነው የልጁ ጥቅም ራሱ ይጠፋል፤ ጉዳት ደግሞ በሸሪዓ የሚወገድ እንጂ የሚታለፍ አይደለም።

ላቡቡ መስጴጦምያ ውስጥ ይመለክ የነበረ ሰይጣን ምስል ነው የሚል ወሬም በ2025 ተናፍሷል። ማስረጃ የለውም፤ ሠዓሊው ራሱ መነሻዬ የሰሜን አውሮፓ ተረቶች ናቸው ብሏል። ወሬን ሳያጣሩ ማሰራጨትን ሱረቱል ሑጁራት ከልክሏል። ኢማም ኹጥባውን በወሬ ላይ ከመሠረተ፣ ወጣቱ ወሬው ሐሰት መሆኑን ባወቀ ዕለት ከወሬው ጋር ትክክለኛውንም ምክር ይጥለዋል።

የታሸገው ሳጥን

ከምስሉ ይልቅ የሚከብደው የሽያጩ ውል ነው። ገዢው የሚከፍለው ለሳጥን ነው፤ ውስጡ ከብዙ ዓይነቶች የትኛው እንዳለ አያውቅም። በአንዳንዶቹ ስብስቦች «ምስጢራዊ» የተባለው ብርቅ ዓይነት የሚገኘው ከ72 ሳጥኖች በአንዱ ነው። እርሱን ያገኘ ከከፈለው ብዙ እጥፍ ሊሸጠው ይችላል፤ ያላገኘ ሌላ ሳጥን ይገዛል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገረር ያለበትን፣ ማለትም ውጤቱ የተሰወረ ሽያጭን መከልከላቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ገዢው ጨርቁን ገልጦ ሳያየው በመንካት ብቻ የሚጸናበት የጃሂሊያ ሽያጭም ተከልክሏል። የታሸገው ሳጥን ለዚህ የቀረበ ነው። በሀገራችን በስፋት ከሚቀሩት ሁለት መዝሀቦች፣ በሻፊዒ መዝሀብ በጸናው አስተያየት ያልታየ ዕቃ ሽያጭ አይጸናም። የሐነፊ መዝሀብ ያልታየ ዕቃ መግዛትን ሲፈቅድ፣ ገዢው ባየው ጊዜ የመመለስ ምርጫ እንዲኖረው አድርጎ ነው። ሻጩ የተከፈተ ሳጥን አልመልስም ካለ ይህም በር ይዘጋል። ከዚህ በላይ ገዢው የሚከፍለው ስለ ዕቃው ሳይሆን ብርቁን የማግኘት ዕድል ስለሚያጓጓው ከሆነ ነገሩ ከገረር አልፎ በሱረቱል ማኢዳህ ወደተከለከለው ቁማር ይጠጋል። የቻይና የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንኳ በ2023 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ሳጥን ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሸጥ፣ ከዚያ በላይ ላሉትም የአሳዳጊ ፈቃድ እንዲጠየቅ አዝዟል።

ለሁለቱ ጠያቂዎች

እንግዲህ ኡስታዙ ለእናትየው ምን ይበላት? ልጅሽ ያቀፈችው በብዙኃኑ ዑለማእ ዘንድ የተፈቀደ ነው ይበላት። ጥንቃቄ የምትፈልግ ከሆነ ፊቱ በዝርዝር ያልተቀረጸ የጨርቅ አሻንጉሊት ከልጇ ጋር ተቀምጣ ትስፋ። ልጅቱ ዲንን የምታስታውሰው በእሳት ውስጥ በተጣለ አሻንጉሊት ከሆነ ኪሳራው ከአሻንጉሊቱ ይበልጣል። በመዲና አሻንጉሊት ሕፃናትን በጾም ቀን አጽናንቷል፤ በሱሉልታም አንዲትን ሕፃን ወደ መድረሳ ሊመልሳት ይችላል።

ለወጣቱ ደግሞ ሦስት ጥያቄ ያቅርብለት። ስትገዛ የምትገዛውን ታውቅ ነበርን? ካላወቅህ ከእንግዲህ የታሸገውን ተው። ያወጣኸው ገንዘብ ከወላጆችህ መብት፣ ከዘካህ ወይም ከዕዳህ የተቀነሰ ነውን? ከሆነ የኢስራፍ በር ነው። በቤትህ በክብር ደርድረህ የምታስቀምጠው ምንድር ነው? በዚህ የዑለማእን ልዩነት ያስረዳውና ወደ ጥንቃቄው ይጋብዘው። ወጣቱ እነዚህን ጥያቄዎች ለራሱ መመለስ ከጀመረ ኡስታዙ ቦርሳውን መፈተሽ አያስፈልገውም።

አል-ኢስጠኽሪ ሁለት ገበያ አይተው አንዱን ዘጉ፤ አንዱን ተዉ። ሁለቱንም ቢዘጉ የባግዳድ ልጆች፣ ሁለቱንም ቢተዉ የባግዳድ ጎልማሶች በተጎዱ ነበር። ከመምህርና ከኢማም የሚጠበቀውም ይኸው ገበያውን ከገበያ የመለየት ዕውቀት ነው። አላህ የተሻለ ዐዋቂ ነው።