ኮሸሽላና ውሻ፦ የእሾህ ፊዚክስ

በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል፣ በግጦሽ መሬት፣ በማሳ ድንበርና በመንገድ ዳር ኮሸሽላ የተባለው እሾሃማ ተክል በብዛት ይታያል። አበባው ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ሆኖ ከሩቅ ዓይንን ይስባል፤ ቀርበው ሊቀጥፉት ሲሞክሩ ግን ጣትን ይወጋል። ኮሸሽላ በበዛበት ሜዳ የሚያልፍ ውሻን ያስተዋለ ሰው የእንስሳውን ጭንቀት ሳይመለከት አይቀርም። ውሻው አንድ እግሩን አንሥቶ ይቆማል፤ መዳፉን ይልሳል፤ ከዚያም ዞሮ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ለመሆኑ ሰው ውበቱን የሚያደንቀውን ተክል ውሻ ስለ ምን ይጠላዋል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ግን ስለ ግፊት፣ ስለ ቁሶች ጥንካሬ፣ ስለ ነርቭና ስለ ብርሃን የምናውቀውን ማሰባሰብ ይኖርብናል። ይህን ስናደርግ እሾህ በራሱ የተሟላ መሣሪያ አለመሆኑን እንረዳለን። እሾህ ሥራውን የሚሠራው ከሚነካው አካል ክብደት፣ ከቆዳውና ከአኗኗሩ ጋር ተጣምሮ ነው።

ኮሸሽላ ምን ዓይነት ተክል ነው?

ኮሸሽላ የሚለው የአማርኛ ስም ለአንድ ዝርያ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ካርዱየስና ኤኪኖፕስ በተባሉት ወገኖች ውስጥ የሚመደቡ ልዩ ልዩ ተክሎች፣ እንዲሁም አንዳንድ ሌሎች እሾሃማ ተክሎች በዚሁ ስም ይጠራሉ። ካርዱየስና ኤኪኖፕስ የሱፍ አበባና የኑግ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በጾም ወቅት ለፍትፍት የምንጠቀምበት የአበሻ ሱፍም የቅርብ ዘመዳቸው ሲሆን፣ ማሳው ውስጥ የገባ ሰው እንደሚያውቀው እርሱም እሾሃም ነው። ኤኪኖፕስ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የተወሰደ ነው። ትርጉሙም «ጃርት መሳይ» ማለት ሲሆን፣ ክብ ሆኖ በሾሉ ነገሮች ለተሸፈነው የአበባው ራስ የተስማማ ስም ነው።

የኮሸሽላ እሾህ ከቅጠል የተገኘ ነው። የቅጠሉ ሥር ከጠርዙ አልፎ ይወጣና እየጠነከረ፣ እየሾለ ይሄዳል። በአበባው ራስ ሥር የተደራረቡት ትናንሽ ቅጠሎችም ጫፋቸው በእሾህ ያበቃል። ይህን የኋለኛውን እናስታውሰው፤ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

አንድ ሺህኛ ጉልበት፣ ስድስት ሺህ እጥፍ ግፊት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደተማርነው ግፊት ማለት ጉልበት ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። እስቲ ይህን ቀመር በውሻው መዳፍ ላይ እንሞክረው። ውሻው 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በአራት እግሩም ቆሟል እንበል። እያንዳንዱ እግር የሚሸከመው ጉልበት ወደ 50 ኒውተን ገደማ ይሆናል። መሬት የሚነካው የመዳፉ ስፋት 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በቆዳው ላይ የሚያርፈው ግፊት 25,000 ፓስካል ነው። ይህ የከባቢ አየር ግፊት ሩብ ያህል ስለሆነ መዳፉ ያለ ችግር ይሸከመዋል።

አሁን ደግሞ ውሻው አንድ እሾህ ረገጠ እንበል። የእሾሁ ጫፍ ወርድ 20 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም ከሰው ጠጉር ውፍረት ያነሰ ይሁን። እግሩ ከተሸከመው ጉልበት አንድ ሺህኛው ብቻ፣ ይኸውም 0.05 ኒውተን፣ በዚህ ጫፍ ላይ ቢያርፍ ግፊቱ ወደ 160 ሚሊዮን ፓስካል ይደርሳል። ይህም ቀድሞ ካገኘነው ከስድስት ሺህ እጥፍ በላይ፣ ከከባቢ አየር ግፊት ደግሞ 1,600 እጥፍ ያህል ነው። በእርግጥ ቆዳው ሲሰረጉድ ወይም ሲበሳ የሚነካካው ስፋት ስለሚጨምር ግፊቱ ወዲያው ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ቆዳውን ለመብሳት ያ የመጀመሪያው ቅጽበት ይበቃል።

ከዚህ ስሌት አንድ አስደናቂ ነገር እንረዳለን። ውሻውን የሚወጋው ጉልበት ከውሻው ከራሱ ክብደት የመጣ ነው። ኮሸሽላው አንዳች ጉልበት አላወጣም፤ ባለበት ቆሞ የመጪውን ክብደት በአንዲት ነጥብ ላይ አከማቸው እንጂ። በዚያው እሾህ ላይ የምትሄድ ጉንዳን የማትጎዳውም ክብደቷ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነው። በስኮትላንድ የሚነገር አንድ አፈ ታሪክም ይህንኑ ያስታውሰናል። ከሰሜን የመጡ ወራሪዎች በሌሊት በባዶ እግራቸው ሲያደቡ ከመካከላቸው አንዱ ኮሸሽላ ረግጦ ጮኸ፤ የተኙትም ነቅተው ራሳቸውን ተከላከሉ ይባላል። ታሪኩ እውነት ይሁንም አይሁን ኮሸሽላ እስከ ዛሬ የስኮትላንድ ብሔራዊ አርማ ነው።

ቀጭን ሆኖ አለመጉበጥ

ሹልነት ብቻውን በቂ አይደለም። ጠጉርም ቀጭን ነው፤ ነገር ግን በጫፉ ሲገፉት ስለሚጎብጥ አይወጋም። ቀጭን ምሰሶ ከጫፉ ሲገፋ በምን ያህል ጉልበት እንደሚጎብጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሰላው የስዊስ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር ነበር። በስሌቱ መሠረት የምሰሶው ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር የመሸከም ችሎታው ወደ ሩብ ይወርዳል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ችሎታው ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ያሽቆለቁላል።

እንግዲህ እሾህ ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች አሉበት፤ ለመውጋት መቅጠን፣ ላለመጉበጥ መወፈር አለበት። መፍትሔው ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዴንማርክ የሚገኙ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ከቫይረስ መርፌ ጀምሮ እስከ ናርዋል የተባለው የባሕር እንስሳ ረጅም ጥርስ ድረስ ያሉ በርካታ ሹል የተፈጥሮ አካላትን አነጻጽረዋል። የእነዚህ አካላት ርዝመት፣ የሥራቸው ውፍረትና የቁሳቸው ግትርነት በአንድ የጋራ ሕግ የተሳሰሩ መሆናቸውንም አሳይተዋል። ሕጉ ከጥቂት ቃላት አያልፍም፤ ሳይጎብጥ የሚወጋ አካል ከተወሰነ ልክ በላይ ሊቀጥን አይችልም። እሾህን በእሾህ የሚያወጣው የአገራችን ሰውም ይህን ግትርነት በተግባር ያውቀዋል።

ሕመሙ ሁለት ጊዜ ይመጣል

የውሻ መዳፍ ከሥሩ በወፍራም ቆዳና በስብ ትራስ የተሸፈነ ስለሆነ ጠጠርና ትኩስ አፈር ይችላል። በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ግን ስስ ነው። ውሻ ዓለምን የሚመረምርበት አፍንጫውም እንዲሁ ለስላሳ ነው። ሰው ተክልን ቆሞ ከላይ ሲያይ ውሻ አፍንጫውን አስቀድሞ በእሾሁ ከፍታ ይገባል። ኮሸሽላን በሁለታችን ዘንድ የተለያየ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይኸው የቁመት ልዩነት ነው።

እሾህ የበሳው ቆዳ መልእክቱን የሚልከው በሁለት ዓይነት ነርቮች ነው። ፈጣኖቹ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ሲያስጉዙ፣ ቀርፋፎቹ በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ያስጉዛሉ። ከመዳፍ እስከ ኅብለ ሰረሰር ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ በሰከንድ 15 ሜትር የሚጓዘው መልእክት በሦስት መቶኛ ሰከንድ ገደማ ሲደርስ ቀርፋፋው ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል። የመጀመሪያው ስል ሕመም ውሻው ሳያስብ እግሩን እንዲያነሣ ያደርገዋል፤ ትእዛዙም የሚሰጠው ከኅብለ ሰረሰር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የሚያቃጥል ሕመም ደግሞ መዳፉን እንዲልስና ስፍራውን እንዲያስታውስ ያደርገዋል። የውሻው ጥላቻ እንግዲህ በሕመም የተገኘ ትምህርት ነው።

ውበቱ ለማን ነው?

እሾሁ አላፊውን ቢከለክልም አበባው ይጣራል። ሐምራዊው ቀለም ለእኛ ሲባል የተሠራ አይደለም፤ ንብና ቢራቢሮ እንዲመጡ፣ የአበባ ዱቄት እንዲያደርሱም ነው። ንብ የምናየውን ሰማያዊና ሐምራዊ፣ በተጨማሪም እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ታያለች። ውሻ በአንጻሩ ቀለም የሚለዩ ሁለት ዓይነት የዓይን ሕዋሳት ብቻ አሉት፤ አንደኛው ለ429፣ ሁለተኛው ለ555 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ይበልጥ ይነቃሉ። እኛ ሦስት ዓይነት ስላሉን ሐምራዊውን ከሰማያዊው እንለያለን፤ ለውሻ ግን ሁለቱም ወደ ሰማያዊ የሚያደሉ ሆነው ይታዩታል። ስለዚህ ውሻው የወጋውን እሾህ በሚገባ ሲያውቀው፣ የምናደንቀውን ቀለም ግን ከእነ ሙሉ ውበቱ አላየውም።

የአበባው ራስ ሌላም ውበት አለው። ከሥሩ የተደራረቡትን እሾሃማ ቅጠሎች በእርጋታ የተመለከተ ሰው ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚጠመዘዙ ረድፎችን ያገኛል። የረድፎቹም ቁጥር በአብዛኛው 8፣ 13፣ 21 ወይም 34 ከሚሉት የፊቦናቺ ቁጥሮች አንዱ ነው። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ አዲስ ቅጠል ከቀደመው 137.5 ዲግሪ ያህል ዞሮ ስለሚበቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ስቴፋን ዱዋዲና ኢቭ ኩዴር የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን ያለ ምንም ተክል አሳይተዋል። በዘይት በተሞላ ሳሕን መሐል በማግኔት የሚሳብ ፈሳሽ በእኩል የጊዜ ልዩነት አንጠባጠቡ። ጠብታዎቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ወደ ጠርዙ ሲሸሹ፣ አንጠባጠቡ ሲፈጥን በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ወደ 137.5 ዲግሪ ተጠጋ። የኮሸሽላ ንድፍም የሚመነጨው በጠባብ ስፍራ እርስ በርስ ከመገፋፋት ነው ለማለት ይህ ሙከራ ጠንካራ ድጋፍ ሰጥቷል።

ውሻን የሚፈልግ እሾህ

ከኮሸሽላ ዘመዶች አብዛኞቹ ዘራቸውን ጸጉር አልብሰው ለነፋስ ይሰጣሉ። በአውሮፓና በእስያ የሚበቅለው በርዶክ የተባለው ዘመዳቸው ግን ሌላ ዘዴ አለው። ቀደም ሲል እናስታውሰው ያልነው በአበባው ሥር ያለው እሾሃማ ቅጠል በበርዶክ ላይ ጫፉ ወደ መንጠቆ ይታጠፋል። ጫፉ ሲታጠፍ የእሾሁ ተግባር ተገለበጠ። ኮሸሽላ ውሻን ያርቃል፤ በርዶክ ግን ዘሩን የሚሸከምለት ጸጉራም አላፊ ይፈልጋል። በአገራችን ጨጎጊት የሚባሉት በልብስ ላይ የሚጣበቁ ፍሬዎችም ከዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ።

እ.ኤ.አ. በ1941 የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ጆርጅ ደ መስትራል ከአደን ሲመለስ በልብሱና በውሻው ጸጉር ላይ የበርዶክ ፍሬ ተጣብቆ አገኘ። ፍሬውን በማይክሮስኮፕ ሲመለከተው ጥቃቅን መንጠቆዎችን አየ። ከብዙ ዓመታት ሙከራ በኋላም አንዱ ገጽ መንጠቆ፣ ሌላው ቀለበት የሆነውን የናይሎን ማያያዣ ሠራ፤ በ1955ም በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን አገኘ። ይህ ዛሬ በጫማና በቦርሳ ላይ የምናየው ቬልክሮ ነው። ወደ ጎን ስንስበው መንጠቆዎቹ ሁሉ በአንድነት ስለሚይዙ ይጠነክራል። ከጠርዙ ስንልጠው ግን ጉልበታችን በአንድ ጊዜ የሚያርፈው በጥቂት መንጠቆዎች ላይ ስለሆነ በቀላሉ ይለቃል። የተበተነ ጉልበትና በአንድ ስፍራ የተከማቸ ጉልበት ልዩነታቸው እዚህም እንደ እሾሁ ጫፍ ወሳኝ ነው። የውሻን ጸጉር ከጨጎጊት የሚያጸዳ ሰውም ፍሬውን በአንድ ጊዜ ከመጎተት ይልቅ ጥቂት ጥቂት ጸጉር እየለየ ቢያላቅቅ ውሻው አይታመምበትም።

እሾህ የማያስቆመው እጅ

እስካሁን እንዳየነው እሾህ የሚሠራው በሚነካው አካል ልክ ነው። ለውሻ መዳፍ ክልክል፣ ለጉንዳን መንገድ ነው። ለሰውስ? በቤታችን የሚጨሰው ቀበሪቾ ከኮሸሽላ ወገን፣ ከኤኪኖፕስ የሚመደብ ተክል ነው። በተፈጥሮ የሚበቅለው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ የአማርኛ ስሙም የሳይንሳዊ ስሙ ክፍል ሆኗል። ተፈላጊነቱ ለሥሩ ነው። ተክሉ እሾሁን የዘረጋው ከመሬት በላይ ለሚመጡ አፎችና እግሮች ነበር፤ ዶማ የያዘ ሰው ግን ከሥር ይመጣል። ሥሩ ተቆፍሮ የወጣ ቀበሪቾ ደግሞ ይሞታል፤ ከማበቡ በፊት ከተቆፈረም ዘር ሳይተካ ይጠፋል። በዱር ያለው ቀበሪቾ እየተመናመነ የመጣበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው።

ውሻን ከኮሸሽላ የሚያርቀው ሕመም ነው። ቀበሪቾ ቆፋሪውን የሚያርቅበት ሕመም ስለሌለው፣ በዚያ ፈንታ ሊቆም የሚችለው የእኛ እውቀት ብቻ ነው። ከተክሉ ዘር ሰብስቦ በጓሮና በትምህርት ቤት ግቢ መዝራት፣ ከሚቆፈሩትም መካከል ዘራቸውን ያላራገፉትን መተው ማንም ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው። አንባቢያንም በቅርባቸው ወዳለ ኮሸሽላ ሄደው የረድፎቹን ቁጥር ቢቆጥሩ፣ የእሾሁንም ጫፍ በማጉያ መነጽር ቢመለከቱ በዚህ ጽሑፍ ያነሣነውን በዓይናቸው ያረጋግጣሉ። እጃቸውን ግን ይጠብቁ፤ የግፊት ቀመር ለተማሪም ለውሻም እኩል ይሠራል።