የጠላቂ ኮምፒውተር ከመግዛትዎ በፊት፦ የአየር ንባብ በእርግጥ ያስፈልግዎታል?

የመኪናቸው የነዳጅ ጌጅ ተበላሽቶ ኪሎ ሜትር እየቆጠሩ የሚነዱ ሰዎች አሉ። ነዳጁ ድንገት ቢያልቅ መኪናው ዳር ይዞ ይቆማል፤ ባለቤቱም ጄሪካን ይዞ ወደ ማደያ ይሄዳል። ከውኃው ገጽ 30 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ጠላቂ ግን ዳር የሚይዝበት ቦታ የለውም። በመሆኑም የስኩባ ሥልጠናቸውን ጨርሰው የራሳቸውን ዕቃ መግዛት የሚጀምሩ ሰዎች አንድ ጥያቄ ላይ ይቆማሉ። በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን አየር ጭምር የሚያሳየውን ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ ተራው ይበቃኛል?

ጥያቄው ባሕር በር ለሌለው አገር ሰው ሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በግብፅ ሻርም ኤል ሼክና ዳሃብ፣ በእስራኤል ኤላት፣ በኤምሬቶችም ፉጃይራ የጠለቃ ማዕከላት አሉ። ለሥራም ሆነ ለዕረፍት ወደነዚህ ቦታዎች ጎራ ለሚል ወይም በዚያው ለሚኖር ወገናችን ውኃው ደጁ ነው።

ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ምንድን ነው?

ብዙዎች የጠላቂ ኮምፒውተር ዋና ሥራ አየር መቁጠር ይመስላቸዋል። አይደለም። ዋና ሥራው ናይትሮጅን መቁጠር ነው። ጠላቂው በጥልቀት በሚቆይበት ጊዜ በግፊት የሚተነፍሰው ናይትሮጅን በደሙና በሰውነቱ ሕዋሳት ውስጥ ይሟሟል። ከመጠን በላይ ቆይቶ ወይም ፈጥኖ ከወጣ፣ ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት እንደሚታየው ሁሉ፣ ጋዙ በሰውነት ውስጥ አረፋ ይሠራል። ውጤቱ ከመገጣጠሚያ ሕመም እስከ ሽባነት፣ አልፎም እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል።

ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጆን ስኮት ሃልዴንና ባልደረቦቹ በፍየሎች ላይ ጭምር ሙከራ አድርገው፣ ጠላቂ በምን ያህል ጥልቀት ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንዴት መውጣት እንዳለበት የሚያሳይ ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተሙ። ከ1980ዎቹ ወዲህ በገበያ ላይ የዋሉት የእጅ ኮምፒውተሮች ይህንኑ ስሌት በየሰኮንዱ ይሠራሉ። ጥልቀትንና ጊዜን ይለካሉ፤ የቀረውን ደቂቃ ይነግራሉ፤ ፈጥነው ሲወጡ ይጮኻሉ። ይህን ሁሉ የሚሠራው ርካሹም ውዱም ኮምፒውተር ነው።

የአየሩን መጠን የሚያሳየው ደግሞ ሌላ መሣሪያ ነው። ከሬጉሌተሩ በቱቦ የተያያዘ ባለ ቀስት ጌጅ ሲሆን የሚለካውም በባር ነው። የመኪና ጎማ ጎሚስታ ዘንድ የሚነፋው ወደ 2 ባር ገደማ ነው፤ የጠላቂ ሲሊንደር ግን ሲሞላ 200 ባር ይይዛል። «አየር አንባቢ» የምንለው ኮምፒውተር የዚህን ጌጅ ሥራ ደርቦ የሚሠራ ነው።

አየሩ ይቀድማል ወይስ ናይትሮጅኑ?

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ መሥራት ይጠቅማል። በባሕር ውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 ባር ይጨምራል። ስለዚህ 20 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ አየሩን የሚጨርሰው ከውኃው ገጽ ላይ ሦስት እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ ያለው ደግሞ አራት እጥፍ ፈጥኖ ነው።

ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር የያዙ ሁለት ጓደኛሞች አሉ እንበል። ሁለቱም በተለመደው ደንብ መሠረት 50 ባር ለመጠባበቂያ ይተዋሉ፤ ለመጠቀም የሚቀራቸው 1,800 ሊትር ነው። አንደኛው በገጽ ላይ ቢሆን በደቂቃ 15 ሊትር፣ ሁለተኛው 20 ሊትር ይተነፍሳል። 20 ሜትር ላይ የመጀመሪያው አየር 40 ደቂቃ፣ የሁለተኛው 30 ደቂቃ ይቆያል። በስፋት የሚሠራበት የፓዲ ሠንጠረዥ ለመጀመሪያ ጠለቃ በዚህ ጥልቀት የሚፈቅደው 45 ደቂቃ ነው። ለሁለቱም ቀድሞ የሚያልቀው አየሩ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ 30 ሜትር ይውረዱ። የመጀመሪያው ጠላቂ አየር 30 ደቂቃ፣ የሁለተኛው 22 ደቂቃ ያህል ያቆየዋል። ሠንጠረዡ የሚፈቅደው ግን 20 ደቂቃ ብቻ ነው። እዚህ የሚቀድመው ናይትሮጅኑ ነው። በዕለቱ ሁለተኛ ጠለቃ ከሆነ ደግሞ ከቀድሞው የተረፈ ናይትሮጅን ስላለ ገደቡ ከዚህም ያጥራል። አየር ስለተረፈኝ ልቆይ የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አየር አንባቢው እንዴት ይሠራል?

በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በቱቦ ከሬጉሌተሩ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛውና አሁን የተለመደው ትራንስሚተር የተባለች ትንሽ መሣሪያ በሬጉሌተሩ የከፍተኛ ግፊት ቀዳዳ ላይ ተገጥማ፣ ንባቡን ያለ ሽቦ በእጅ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር የምትልክበት ነው። እንደ ሺርዋተርና ሱንቶ ያሉት አምራቾች የሬዲዮ ሞገድ ሲጠቀሙ፣ ጋርሚን በድምፅ ሞገድ ይሠራል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጥልቀት፣ ጊዜና አየር በአንድ እይታ ይነበባሉ። ኮምፒውተሩ ባለፉት ጥቂት ደቂቃዎች እንዴት እንደተነፈሱ አስልቶ «በዚህ አያያዝ ይህን ያህል ደቂቃ ቀርቶሃል» ይላል። ከጠለቃው በኋላም የፍጆታ መዝገቡን ስለሚያስቀምጥ፣ አተነፋፈስዎ መሻሻሉን በቁጥር ያያሉ።

ጉድለቱም አለ። የትራንስሚተሩ ባትሪ ሊደክም፣ ንባቡም መሐል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። የካሜራ ፍላሽ የሬዲዮ ሞገዱን የሚያውክበት ጊዜ አለ። የጀልባ ሠራተኞች ትራንስሚተሩን እጀታ መስሏቸው ሲሊንደሩን በእርሱ አንጠልጥለው የሚሰብሩት መሆኑም በጠላቂዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የቀሩት ደቂቃዎች ግምትም ግምት ነው፤ ወዲያው ኃይለኛ ሞገድ ቢገጥምዎና ትንፋሽዎ ቢጨምር ቁጥሩ ያሽቆለቁላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሣሪያው የቀረውን አየር ይነግርዎታል እንጂ አየር አይጨምርልዎትም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ብዙዎቹ ትራንስሚተር ቢኖራቸውም ባለ ቀስቱን ጌጅ አያወልቁም።

ወደ ደጋ ለሚመለስ ሰው

የእኛን አገር ሰው ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት፣ ከአንድ መደበኛ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ለጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ይመክራል። ምክንያቱ በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር የሚመሳሰል መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። ጠዋት ጅቡቲ ጠልቆ በዚያው ዕለት በመኪና ወይም በባቡር ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው፣ አውሮፕላን አልተሳፈርኩም ብሎ ሊጽናና አይችልም። ሰውነቱ የሚያውቀው ግፊቱን ብቻ ነው። የመጠበቂያውን ሰዓት የሚቆጥረው የኮምፒውተሩ የናይትሮጅን ክፍል ነው፤ ይህም በተራውም ላይ አለ።

ታዲያ የትኛውን እንግዛ?

በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለዕረፍት ሄደው ሬጉሌተር የሚከራዩ ከሆነ ተራው ይበቃዎታል። የኪራዩ ሬጉሌተር ከነጌጁ ነው የሚሰጥዎት፤ በየቦታው የራስዎን ትራንስሚተር ለመግጠም መፍቻ ይዞ መዞርና ማስፈቀድ ግን አድካሚ ነው። ደህና ተራ ኮምፒውተር ከ200 እስከ 300 ዶላር ገደማ ይገኛል። ትራንስሚተር ብቻውን ይህን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያወጣል።

የራስዎ ሬጉሌተር ካለዎት፣ አዘውትረው የሚጠልቁ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሱ ወይም ሌሎችን የሚመሩ ከሆነ አየር አንባቢው ዋጋውን ያወጣል።

መሐል ላይ ካሉ ደግሞ ትራንስሚተር ኋላ ሊጨመርበት የሚችል ኮምፒውተር ይግዙና ለጊዜው በጌጅ ይጠቀሙ። የተረፈውን ገንዘብ ለተጨማሪ ሥልጠና ወይም ለሬጉሌተር ሰርቪስ ቢያውሉት ይሻላል።

በማንኛውም ምርጫ የማይቀር አንድ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ የግልዎ ይሁን። ሁለት ሰዎች በአንድ ኮምፒውተር አይጠልቁም፤ ጠዋት በአንዱ ከሰዓት በሌላው መጥለቅም የጠዋቱን ናይትሮጅን እንዳልነበረ መቁጠር ነው። አየሩን በጌጅ ማየት ይቻላል። ናይትሮጅኑን ግን በዓይን የሚያይ የለም፤ ገንዘብዎን መጀመሪያ በማይታየው ላይ ያውሉት።